ከሽቦ ወደ ኢንተርኔት፦ የስልክ ምስጢር በኢትዮጵያ ታሪክ

በቤሌ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ ተማሪ ከክፍል ስወጣ ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው። «መምህር፣ በመደበኛው ስልክ መደወልና በኢንተርኔት መደወል፣ ለምስጢር የሚታመነው የትኛው ነው?» አለኝ። በጊዜው የሰጠሁት መልስ ቴክኒካዊ ነበር፤ እርሱም አመስግኖኝ ሄደ። እኔ ግን ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው፣ ጥያቄው በአገራችን ከ100 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው፣ ከቴክኒክም ይልቅ ለታሪክ የሚቀርብ ሆኖ አገኘሁት። ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ግን ከራሴ ቤት አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

ጊዜው 1970ዎቹ ወደ መገባደጃቸው ግድም ነው። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ይማር ነበር። አባቴ ለእርሱ ለመደወል ሶዶ ድረስ መሄድ ነበረበት፤ እኔንም አስከትሎኝ ሄደ። የስልክ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ተራው የደረሰ ሰው በስሙ ተጠርቶ ጠባቧ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ መስመሩ ስለማይጠራ ይጮኻል፤ ውጭ የተቀመጠው ሁሉ የሰውየውን ጓዳ እየሰማ ተራውን ይጠብቃል። አባቴ ሊናገር የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት እየታፈሰ ነውና ለክረምቱ እንዳትመጣ» የሚል። ይህን ግን በዚያ ሁሉ ጆሮ ፊት ሊጮኸው አልደፈረም። ስለዚህ «ዘንድሮ እርሻው ተበላሽቷል፤ እኛም ደኅና አይደለንም፤ አንተ እዚያው ሁን» አለው። ወንድሜ ከዚህ ሁሉ የያዘው «ደኅና አይደለንም» የሚለውን ነው። በሳምንቱ መጣ፤ በሦስተኛው ቀን ተወሰደ። ወደ ቤቱ የተመለሰው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1983 ዓ.ም. ክረምት ነው።

ያንን ጥሪ የጠለፈ ሰው አልነበረም ብዬ አምናለሁ። መጥለፍም አላስፈለገም። አባቴ የሚሰማ ሰው ሊኖር እንደሚችል ማሰቡ ብቻ አፉን ለመሸበብ በቃ። ስለ ስልክ ደኅንነት በተነሣ ቁጥር ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ይህ ነው። ምስጢር የማይጠብቅ ስልክ ጉዳቱ ሌላው ስለ ሰማን ብቻ አይደለም፤ የምንወዳቸው ሰዎች ሊሰሙት የሚገባውን ሳይሰሙ መቅረታቸውም ጉዳት ነው።

ስለዚህ በዛሬው ንግግሬ ሦስት ጥያቄዎችን ይዤ ታሪኩን እከተላለሁ። ድምፃችን በጉዞው ላይ የት ቦታ ይገለጣል? በዚያ ቦታ የተቀመጠው ማን ነው? የተቀመጠውንስ ማን ይቆጣጠረዋል?

የሽቦው ዘመን

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ከሐረር አዲስ አበባ የተዘረጋውና 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው መስመር ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። በዚያው ዓመት መገባደጃ የምኒልክ ጦር በካዎ ጦና ላይ ዘምቶ ወላይታ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር መግባቷን እዚህ ላለ አድማጭ ማስታወስ አያስፈልገኝም። ሁለቱን ክንውኖች ጎን ለጎን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሽቦው የተዘረጋው ግዛቱ በሚሰፋበት፣ ማዕከሉ ሩቅ ያለውን ሹም ቃል በዕለቱ ለመስማት በሚፈልግበት ዘመን ነበር። ስለዚህ በአገራችን ስልክ መጀመሪያ የመንግሥት ጆሮና አፍ ሆኖ ተወለደ፤ የዜጎች መነጋገሪያ የሆነው ኋላ ነው።

የዚያ ዘመን ቴክኒክ ራሱ ለምስጢር የተመቸ አልነበረም። በአንድ ሽቦ ላይ ብዙ ጣቢያዎች በሚቀጠሉበት መስመር፣ በየትኛውም ጣቢያ መስሚያውን ያነሣ ሰው የሚተላለፈውን ቃል መስማት ይችላል። ማዞሪያ ከመጣ በኋላም ቢሆን መሐል ላይ ሰው ነበር። ስልከኛዋ የደዋዩን ገመድ ከተደዋዩ ጋር ትሰካለች፤ መስመሩ መገናኘቱን ለማረጋገጥም ማድመጥ ግድ ይላታል። ምስጢሩ የተንጠለጠለው በእርሷ ጨዋነት ላይ ነበር።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም። በአሜሪካ የካንሳስ ሲቲ ነዋሪ የነበረው አልሞን ስትራውጀር ሥራው የቀብር አገልግሎት መስጠት ነበር። ስልከኛዋ ወደ እርሱ የሚመጡትን ጥሪዎች ለተፎካካሪው ታስተላልፋለች ብሎ ስለ ተጠራጠረ፣ ያለ ሰው እጅ የሚሠራ አውቶማቲክ ማዞሪያ ፈለሰፈ ይባላል። የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። ዓለም ለብዙ አሥርት ዓመታት የተጠቀመበት ማሽን መነሻው መሐል ላይ የተቀመጠውን ሰው አለማመን መሆኑ ነው እንግዲህ። ይሁን እንጂ ማሽኑ መሐሉን አላጠፋውም፤ ከዓይን ሰወረው እንጂ። ስልከኛዋን ሰው በስሟ ያውቃት ነበር፤ ከማሽኑ በስተ ጀርባ ያለውን ግን ማን ያውቀዋል?

ሕጋችንም ጥያቄውን አልዘነጋውም። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሕግ ከሚፈቅደው ውጭ የዜጎች የደብዳቤ ምስጢር እንዳይደፈር ደንግጓል። የ1948ቱ ሕገ መንግሥትም ተመሳሳይ ጥበቃ ሰጥቷል። በ1945 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ሲቋቋም፣ ስልክ አንድ ወጥ ተቋም አገኘ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስሙ ባለሥልጣን፣ ኮርፖሬሽን፣ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህም ኢትዮ ቴሌኮም እየተባለ ቢለዋወጥም፣ መሐሉን የያዘው ለ70 ዓመታት ያህል አንድ የመንግሥት ድርጅት ነበር። ሁለተኛው የስልክ ኩባንያ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን በይፋ የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ነው።

የመደበኛው ስልክ ብርታትና ድካም

አሁን ወደ ቴክኒኩ ልግባ፤ በተቻለኝ መጠን ቀለል አድርጌ አቀርበዋለሁ።

በመዳብ ሽቦ የሚሠራው የቤት ስልክ ድምፃችንን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ ይልካል። ዲጂታል ማዞሪያ ላይ ሲደርስ ድምፁ በሰከንድ 8,000 ጊዜ እየተለካ ወደ ቁጥር ይለወጣል። በዚህ ሁሉ ጉዞ ውስጥ ቁልፍ የሚባል ነገር የለም፤ ቃሉ ግልጥ እንደ ሆነ ይሄዳል። የሚጠብቀው የቦታው ጥበት ነው። ሊጠልፍ የሚፈልግ ሰው ወደ ሽቦው፣ ወደ መንገድ ዳር ሳጥኑ ወይም ወደ ማዞሪያው ቤት በአካል መድረስ አለበት። ስለዚህ ሽቦው ከጎረቤት ሌባ በመጠኑ ይከላከላል፤ የማዞሪያው ቤት ቁልፍ በእጁ ካለ ሰው ግን ፈጽሞ አይከላከልም። ሌላ አንድ መልካም ጠባይም ነበረው። ኃይሉን የሚያገኘው ከማዞሪያው ባትሪ በዚያው ሽቦ ስለ ሆነ፣ መብራት ሲጠፋ እንኳ ስልኩ አይጠፋም። ይህም ከደኅንነት የሚቆጠር ነው፤ በችግር ሰዓት መደወል ያልተቻለ ስልክ ምስጢር ቢጠብቅ ምን ይረባል?

ተንቀሳቃሽ ስልክ አዲስ አበባ የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። እዚህ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ምስጠራ፣ ማለትም ቃልን በቁልፍ ለውጦ መላክ፣ በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ገባ። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ምስጠራው የሚሠራው ከእጅ ስልኩ እስከ ስልክ ኩባንያው ድረስ ብቻ መሆኑን ነው። ሬዲዮውን ከአየር ላይ ለሚያደምጥ ይቆለፋል፤ ኩባንያው ውስጥ ሲገባ ይከፈታል። ሁለተኛው ትውልድ የሚባለው አሮጌው አሠራር ሌላም ጉድለት አለበት። ማማው ስልኩን ማንነቱን ይጠይቃል፤ ስልኩ ግን ማማውን መልሶ አይጠይቅም። ስለዚህ የሐሰት ማማ የተከለ ሰው ስልካችንን ሊያታልል ይችላል። ሦስተኛው ትውልድና ከዚያ ወዲህ የመጡት ይህን አርመዋል።

ከዚህ የከፋው ግን የስልክ ኩባንያዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ሥርዓት ነው። ኤስ ኤስ ሰባት የተባለው ይህ ሥርዓት በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲዘጋጅ፣ የየአገሩ የስልክ ድርጅቶች ጥቂትና የሚተዋወቁ ነበሩ። በመሆኑም ጥያቄ የሚያቀርበውን ማንነት ሳይመረምር ሁሉንም ያምናል። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ በጀርመን አገር ሐምቡርግ በተካሄደ ጉባኤ ላይ ባለሙያዎች በዚህ በር በመግባት ሩቅ ያለን ሰው መገኛ መከታተል፣ ጥሪውን ማዳመጥና የጽሑፍ መልእክቱን ማንበብ እንደሚቻል አሳዩ። በስልክ መልእክት የሚላክልን የባንክ የምስጢር ቁጥር በዚሁ መንገድ እንደሚያልፍ ልብ በሉ።

የኢንተርኔት ስልክና ሕጉ

ኢንተርኔት በአገራችን አገልግሎት መስጠት የጀመረው በጥር 1989 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቆይ ሰዎች በኢንተርኔት ወደ ውጭ አገር በርካሽ መደወል እንደሚቻል ተረዱ። ልጁ ባሕር ማዶ የሄደበት ቤተሰብ የመደበኛውን ስልክ ደቂቃ ዋጋ እየቆጠረ «ደኅና ነህ? ደኅና ነኝ» ብቻ ተባብሎ ይዘጋ በነበረበት ጊዜ፣ ይህ ታላቅ የምሥራች ነበር። ለብቸኛው የስልክ ድርጅት ግን የገቢ ምንጩ መንጠፍ ማለት ነበር። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት የድምፅና የፋክስ አገልግሎት መስጠትንም መጠቀምንም ከለከለ። ከአሥር ዓመት በኋላ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761፣ በኢንተርኔት የስልክ አገልግሎት የሚሰጥን ሰው ከ3 እስከ 8 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚያስቀጣ ደነገገ። በዚያ ዓመት «ስካይፕ የተጠቀመ ይታሰራል» የሚል ወሬ በአገር ውስጥም በውጭም ተናፍሶ፣ መንግሥት የግል ተጠቃሚን እንደማይመለከት ማብራሪያ መስጠቱን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ።

የአዋጅ ቁጥር 761 መግቢያ የቴሌኮም ማጭበርበር ከኢኮኖሚ ጉዳቱ ባሻገር የብሔራዊ ደኅንነት ሥጋት መሆኑን ይናገራል። «ደኅንነት» የሚለው ቃል እዚህ ላይ የማን ደኅንነት እንደ ሆነ አስተውሉ። መግቢያው የተጨነቀው ለኢኮኖሚና ለአገር ደኅንነት ነው። ለሕግ አውጪው ፍትሐዊ ለመሆን ግን አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። በሕገ ወጥ መንገድ ከውጭ የሚገቡ ጥሪዎች በኢንተርኔት መጥተው፣ ብዙ ሲም ካርድ የተሰካበት መሣሪያ ባለበት ቤት ውስጥ አልፈው፣ የአገር ውስጥ ጥሪ መስለው ይደርሳሉ። በዚያ ቤት የተቀመጠው ማን እንደ ሆነ ደዋዩም ተደዋዩም አያውቁም። ርካሹ ጥሪ ከመደበኛው ይልቅ ለምስጢር የማይታመንበት ጊዜ እንደ ነበረ መካድ አይቻልም።

ሦስት ዓይነት የኢንተርኔት ጥሪ

በኢንተርኔት ስንደውል ድምፃችን በትናንሹ ይቆራረጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ አብዛኛውን ጊዜ 20 ሺኛ ሰከንድ ያህል ድምፅ ይዞ፣ የመድረሻ አድራሻ ተጽፎበት፣ እንደ ፖስታ ለብቻው ይጓዛል። በመንገዱ ላይ የአገር ውስጥ አገልግሎት ሰጪው፣ የባሕር ውስጥ ገመዱ ባለቤትና የሌላ አገር ኩባንያ ፖስታውን ይቀባበሉታል። ሽቦው አንድ መሐል ሲኖረው ኢንተርኔት ብዙ መሐሎች አሉት ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ፖስታው ታሽጓል ወይ የሚለው ይሆናል።

በዚህ ረገድ ሦስት ዓይነት ጥሪ አለ። የመጀመሪያው ያልታሸገው ነው፤ በመንገዱ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ይሰማዋል፤ ከመዳቡ ሽቦም ያነሰ ጥበቃ አለው። ሁለተኛው እስከ ኩባንያው ሰርቨር ድረስ የታሸገው ነው፤ የመንገድ ሌባ አይሰማውም፤ ኩባንያው ግን ከፈለገ ወይም ከተገደደ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ስካይፕ በምስጠራው ይመካ ነበር፤ በ2013 ኤድዋርድ ስኖውደን ያወጣቸው ሰነዶች ግን የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ከስካይፕ መረጃ ይሰበስብ እንደ ነበር አሳዩ። ሦስተኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ የታሸገው ነው። ቁልፉ በሁለቱ ተነጋጋሪዎች ስልክ ውስጥ ብቻ ስለሚገኝ፣ መሐል ላይ ያለ ማንም፣ አገልግሎቱን የሚሰጠው ኩባንያ ጭምር፣ አይከፍተውም። ሲግናል በዚህ መንገድ ይሠራል። ዋትስአፕ ከእ.ኤ.አ. 2016 ወዲህ እንዲሁ ያሽጋል። በአገራችን እጅግ የተወደደው ቴሌግራም የሁለት ሰዎችን የድምፅ ጥሪ በዚህ መልክ ያሽጋል፤ ተራው የጽሑፍ መልእክቱ ግን «ምስጢራዊ ውይይት» የተባለው ካልተመረጠ በቀር ከጫፍ እስከ ጫፍ የታሸገ አይደለም።

እንግዲህ የተማሪዬ ጥያቄ ስለ መንገዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ የታሸገ የኢንተርኔት ጥሪ ከመደበኛው ስልክ እጅግ የተሻለ ምስጢር ጠባቂ ነው። ስትራውጀር የፈለገው፣ መሐል ላይ ያለውን ሰው ማመን ሳያስፈልግ መነጋገር፣ ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ እውን ሆነ። ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም።

ቁልፉ ያለበት ቤት

በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ ማንነቱን ለመሸሸግ «ኪዳኔ» በሚል ስም፣ በየካቲት 2006 ዓ.ም. በዋሽንግተን ፍርድ ቤት የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው፣ በኢሜይል የመጣለትን አባሪ ሰነድ ሲከፍት ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ኮምፒዩተሩ ውስጥ ገባ። ከዚያም ከአራት ወራት በላይ የስካይፕ ጥሪዎቹን እየቀዳ፣ የቤተሰቡንም የኢንተርኔት አጠቃቀም እየመዘገበ በኢትዮጵያ ወደሚገኝ ሰርቨር ይልክ ነበር። ይህን ሰርቨር ቀደም ብሎ በጥናቱ ያመለከተው በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ ነው። ፍርድ ቤቱ በ2008 ዓ.ም. ክሱን ዘጋው፤ ይግባኝ ሰሚውም በ2009 ዓ.ም. አጸናው። ምክንያታቸው ሉዓላዊ መንግሥትን በአሜሪካ ለመክሰስ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ መሆን አለበት የሚል ነበር። ኪዳኔ ተሰልሏል ወይስ አልተሰለለም የሚለው ጥያቄ ሳይዳኝ ቀረ።

ከዚህ ጉዳይ የምንማረው ግልጽ ነው። ሰሚው የስካይፕን እሽግ በመንገድ ላይ መስበር አላስፈለገውም። ድምፁ ከመታሸጉ በፊትና ከተፈታ በኋላ የሚገለጥበት ቦታ፣ ማለትም የሰውየው የራሱ ኮምፒዩተር፣ በቂ ነበር። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ደግሞ በዋትስአፕ ጥሪ በኩል፣ ተደዋዩ ስልኩን ባያነሣ እንኳ፣ የስለላ ሶፍትዌር መትከል የሚያስችል ቀዳዳ መገኘቱ ተሰማ፤ ወዲያውም ተደፈነ። የድሮው ማዞሪያ ቤት ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ነው ያለው። ጠባቂውም እኛው ሆነናል።

ሌላም ያልታሸገ ነገር አለ። ፖስታው ቢታሸግ አድራሻው ይነበባል፤ ማን ለማን፣ መቼ፣ ለስንት ደቂቃ እንደ ደወለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ ተመርማሪዎች የስልክ ጥሪ ዝርዝራቸው ቀርቦላቸው፣ በተለይ ውጭ አገር ካለ ሰው ጋር ስለ ተደረገ ጥሪ እንደ ተጠየቁ የሰጡትን ቃል መዝግቧል፤ መንግሥት ሪፖርቱን አልተቀበለውም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ደግሞ አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል።

በመጨረሻም መንገዱ ራሱ ሊዘጋ ይችላል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በትግራይ ጦርነት ሲጀመር ስልኩም ኢንተርኔቱም አብረው ጠፉ። ያን ጊዜ ሽቦና ኢንተርኔት ማወዳደር ትርጉም አልነበረውም፤ ሁለቱም ያው በአንድ እጅ ነበሩና። እናቱ በሕይወት መኖሯን ሳያውቅ ወራት ለቆጠረ ሰው የስልክ ደኅንነት ትርጉሙ ይህ ነው።

ወደ ቤሌ ስንመለስ

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይነግረናል? ዛሬ በጊፋታ ሰሞን ከደቡብ አፍሪካ፣ ከቤይሩት፣ ከጂዳ የሚመጣው «እንኳን አደረሳችሁ» አብዛኛው በኢንተርኔት ነው። አባቴ የጮኸበት ሳጥን ቀርቷል። ያኔ ሶዶ ድረስ ያስኬድ የነበረው ጥሪ ጓሮ ተቁሞ ይወራል፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

ነገር ግን የዘመኑ ሌባም መንገዱን ቀይሯል። በጎረቤቴ የሆነውን ልንገራችሁ። ልጃቸው ዐረብ አገር የምትሠራ አንዲት እናት፣ በልጃቸው ስምና ፎቶ መልእክት ደረሳቸው፤ «ታምሜያለሁ፣ በዚህ ቁጥር ገንዘብ ላኩልኝ» የሚል። ላሚቱን ሸጠው ላኩ። ልጅቷ ግን ጤነኛ ነበረች። ከጥቂት ቀናት በፊት አንድ ሰው ደውሎ «በስህተት ወደ ስልክሽ የተላከ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር አለ፣ ንገሪኝ» ሲላት ነግራው ነበር። ቁጥሩ የራሷ ሒሳብ መክፈቻ ነበር። እሽጉ አልተሰበረም፤ ቁልፉ በትሕትና ተሰጠ እንጂ።

ስለዚህ የማስተላልፈው ምክር አጭር ነው። በመልእክት የሚመጣላችሁን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አትንገሩ። መተግበሪያዎቻችሁ ሁለተኛ የይለፍ ቃል እንዲጠይቁ አድርጉ፤ ልጆቻችሁ በአምስት ደቂቃ ያስተካክሉላችኋል። ከማታውቁት ሰው የመጣ ሰነድ አትክፈቱ። ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ሲመጣ መልሳችሁ ደውሉና ድምፁን ስሙ፤ ከተጠራጠራችሁም ከቤተሰቡ በቀር ማንም የማያውቀውን ነገር ጠይቁ። ለፖሊስና ለአምቡላንስ አጭር ቁጥሮች ግን መደበኛው ጥሪ ነው የሚሠራው፤ ዋትስአፕም ቴሌግራምም አያገናኛችሁም።

ለተማሪዎቼና ለባልደረቦቼ የምለው ደግሞ ሌላ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይደነግጋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ምስጠራ ቃላችንን ይጠብቃል፤ የጥሪ ዝርዝራችንን፣ የተቀመጠበትን መዝገብና የመስመሩን መኖር የሚጠብቀው ግን ሕግ ነው፤ ሕጉን የሚጠብቀው ደግሞ ዳኛና ጠያቂ ዜጋ ነው። ከሦስቱ ጥያቄዎቼ ሁለቱን መሐንዲስ ሊመልሳቸው ይሞክራል። ሦስተኛው፣ «ማን ይቆጣጠረዋል?» የሚለው፣ የሁላችንም ነው።

በወንድሜ ነገር ልጨርስ። ዛሬ ሽማግሌ ሆኗል። ባለፈው ሰሞን በዋትስአፕ ደውዬለት ስለ አንድ የቤተሰብ ጉዳይ ስጠይቀው፣ እንደ ልማዱ «ይህ በስልክ አይሆንም፤ ስትመጣ» አለኝ። ጥሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ የታሸገ መሆኑን፣ ቁልፉም በእኔና በእርሱ ስልክ ውስጥ ብቻ እንደሚገኝ በዝርዝር አስረዳሁት። በትዕግሥት አዳመጠኝና «ያንተስ ስልክ አሁን በማን እጅ ነው? አጠገብህስ ማን አለ?» አለኝ። ዘወር ብዬ ሳይ በታክሲ ውስጥ ነበርኩ፤ ድምፁንም ለሁሉ እንዲሰማ ከፍቼው ነበር።

በቅዳሜው ቤሌ መጣሁና ጉዳዩን ቡና እየጠጣን ተነጋገርን።